አንድ ሌንስ፣ አንድ ርቀት፦ የመካከለኛ ፎርማት ካሜራ ታሪክና የጀማሪው ምርጫ



በዚህ መድረክ እንድናገር ስጋበዝ ከእኔ የተጠበቀው እንደ ልማዴ ስለ ሰነድና ስለ ማኅደር እንደ ነበር አውቃለሁ። ርእሱን የቀየርሁት ባለፈው ሴሚስተር ጠረጴዛዬ ላይ በደረሰ አንድ የጥናት ዕቅድ ምክንያት ነው። ጥቂት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን በዕድሜ የገፉ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን በመካከለኛ ፎርማት ፊልም ለመመዝገብ አስበዋል። ዕቅዱ መልካም ነው። በጀቱን ስመለከት ግን ከግማሽ የሚበልጠው ለሦስት ሌንሶች ተመድቧል፤ ለብርሃን መለኪያና ለካሜራ መቆሚያ የተያዘው ግን ምንም ነው። «ሦስቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻልን የትኛውን እናስቀድም?» ሲሉም ጠየቁኝ። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ሳሰላስለው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። «የመጀመሪያ ሌንስ» የሚባል ነገር የኖረው ሁለተኛ ሌንስ መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ ነውና።

በዚህ ዘመን ፊልም ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። ኔጌቲቭ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። በፖስታ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ፣ ከ60 ዓመት በኋላም ያለ ምንም መሣሪያ ወደ ብርሃን አንሥተው የሚያዩት ሰነድ ነው። ለማኅደር ሰው ይህ ይበቃል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከፊልሙ እንነሣ። በእነዚህ ካሜራዎች የምንጭነው 120 ተብሎ የሚጠራው ጥቅል ፊልም ነው። የኮዳክ ኩባንያ በ1901 ለገበያ ያቀረበው ቁጥር 2 ብራውኒ ለተባለው ሣጥን መሰል ካሜራ ነበር። የፊልሙ ወርድ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከብርሃን የሚከልለውና ቁጥር የታተመበት ወረቀት ከጀርባው አብሮት ይጠቀለላል። አንዱ ጥቅል በ6 በ6 ካሜራ 12፣ በ6 በ7 ካሜራ 10፣ በ6 በ9 ካሜራ 8 ምስል ይሰጣል። ይህ ፊልም መጠኑን ሳይለውጥ እስከ ዛሬ መሸጡ በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማናየው ነገር ነው። የብራውኒ ሌንስ አንድ ቀላል ብርጭቆ ነበር፤ አይፈታም፣ ፎከሱም አይስተካከልም። ባለቤቱ ሊመርጥ የሚችለው የሚቆምበትን ስፍራ ነበር።

ስፍራን መምረጥ ጥበብ የሆነበትን ዘመን ለማየት ወደ ጀርመኗ ብራውንሽቫይግ ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። ፓውል ፍራንከና ራይንሆልድ ሃይዴከ በ1920 በዚያ ያቋቋሙት ድርጅት በ1929 ሮላይፍሌክስን አወጣ። ሁለት ሌንሶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ የላይኛው ለማየት፣ የታችኛው ለማንሣት ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከሆዱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከላይ ባለው ብርጭቆ ላይ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ምስል ያያል። ይህ አቀማመጥ ያስከተለውን ነገር ልብ በሉ። ፎቶ የሚነሣው ሰው ዐይኑን የሸፈነ መሣሪያ አይደቀንበትም፤ የሚያየው አንገቱን ዝቅ ያደረገ ሰው ነው። ካሜራው ከእንብርት ከፍታ ስለሚመለከት የቆመው ሰው ከፍ ብሎ ይታያል። በእኛ አገር ልማድ ዝቅ ማለት ምን እንደሚባል እናንተ ታውቃላችሁ፤ በገጠር የሚነሡ አረጋውያን በዚህ ዓይነት ካሜራ ፊት ይበልጥ ዘና እንደሚሉ እኔም በሥራዬ አይቻለሁ።

የሮላይፍሌክስ ሌንስ አይፈታም። አሜሪካዊቷ ሊ ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቮግ መጽሔት ስትዘግብ፣ በ1945ም ቡኸንቫልድና ዳኻው ማጎሪያዎች ስትገባ ይዛው የነበረው ሮላይፍሌክስ ነው። ከርቀት የሚስብ ሌንስ ስላልነበራት የሰው ፊት ሙሉውን ክፈፍ ሞልቶ ባየን ጊዜ እርሷ ራሷ ወደዚያ ፊት መቅረቧን እንረዳለን። በእርግጥ ምስል በጨለማ ክፍል ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል። ለዚህ ነው የታተመውን ብቻ ሳይሆን ኔጌቲቩን ማየት አለብን ብዬ ዘወትር የምነዘንዛችሁ። የሌንሱን ዓይነትና የኔጌቲቩን ሙሉ ክፈፍ የሚያውቅ ተመራማሪ ሁለት ሰዎች በስንት ክንድ ርቀት ላይ እንደ ተያዩ በግምት ሊያሰላ ይችላል። በጽሑፍ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ማስረጃ አይገኝም።

ድርጅቱ ራሱ ገዢዎች ሌላ ሌንስ እንደሚፈልጉ ያውቅ ነበር። መልሱ ግን ሌላ ካሜራ መሸጥ ሆነ። በ1959 ባለ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቴሌ ሮላይፍሌክስን፣ በ1961 ደግሞ ባለ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰፊ ሮላይፍሌክስን አወጣ። ሦስት ዓይነት እይታ የፈለገ ሰው ሦስት ካሜራ አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥል ነው። ሁለቱም በብዛት አልተሠሩም፤ ዛሬ የሰብሳቢ ዕቃ ሆነው ዋጋቸው ከጀማሪ አቅም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ተረስቶ ስለ ነበረ ብርጭቆ ልንገራችሁ፤ ከዛሬው ርእስ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ እርሱ ነው። የየናው ዛይስ ባልደረባ ፓውል ሩዶልፍ በ1896 ፕላናር የተባለ ሌንስ ነደፈ። ስድስት ብርጭቆዎች በአራት ቡድን የተቀናበሩበት፣ በስሌት ረገድ ድንቅ የሆነ ሥራ ነበር። ችግሩ ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህሉ ወደ ኋላ መንጸባረቁ ነው። ፕላናር እንዲህ ያሉ ስምንት ገጾች ስለ ነበሩት ከሩብ በላይ የሚሆነው ብርሃን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከሚቀረውም ከፊሉ በሌንሱ ሆድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተንከራትቶ ፊልሙ ላይ እንደ ጉም ያርፋል። ያው ሩዶልፍ በ1902 ያወጣው ቴሳር አራት ብርጭቆና ስድስት ገጽ ብቻ ስለ ነበረው ገበያውን ያዘ፤ የመጀመሪያዎቹ ሮላይፍሌክሶችም የለበሱት ቴሳርን ነው። በ1935 በዚያው በዛይስ ድርጅት አሌክሳንደር ስማኩላ የብርጭቆን ገጽ በስስ ቅባት ሸፍኖ ነጸብራቁን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ለሰፊው ገበያ ሲደርስ የ1896ቱ ሐሳብ ከመሳቢያ ወጣ፤ በ1950ዎቹ ሮላይፍሌክስም ሃሰልብላድም ፕላናርን ለበሱ። አንድ ትክክለኛ ሐሳብ አብሮት የሚሄድ ቁሳቁስ እስኪገኝ ግማሽ ምእተ ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ለጀማሪው የሚሆን ነገር ስላለበት ነው። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ፣ ቅባት የሌለው ሌንስ በእጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የምትገዙለት ዕቃ የሌንስ ጥላ ነው። ከጎን የሚገባውን ብርሃን የሚከልል ቀላል ቆርቆሮ ወይም ጎማ ነው፤ ዋጋውም ኢምንት ነው። በደጋው ፀሐይ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ምስሎችን፣ አንዱን በጥላ ሌላውን ያለ ጥላ ብታነሡ ልዩነቱ ሌንስ የቀየራችሁ ያህል ሆኖ ይታያችኋል። ቅባት ላላቸው ሌንሶችም ቢሆን ጠቃሚ ነው። ሻጮች ሁልጊዜ ሊጨምሩላችሁ የሚሹት ንጹሕ «መከላከያ» ብርጭቆ ግን ሁለት ተጨማሪ ገጽ መሆኑን አስቡ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሌንስ ልደት እንምጣ። የስዊድን አየር ኃይል በ1940 ከአውሮፕላን ላይ የሚያነሣ ካሜራ እንዲሠራለት የየተቦርጉን ቪክቶር ሃሰልብላድን ጠየቀ። ከዚያ ልምድ የተወለደው የሲቪል ካሜራ፣ 1600ኤፍ፣ በጥቅምት 1948 በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ። ሌንሱ ይነቀላል፤ ፊልም የሚይዘው ቋት ይነቀላል፤ መመልከቻው ይነቀላል። መካከለኛው ሣጥን ብቻ ይቀራል። ካሜራ አንድ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የዕቃዎች ቤተሰብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺ ማለት ሁልጊዜ አንድ ነገር የጎደለው ሰው ማለት ሆነ ብል ማጋነኔ አይደለም። የዋጋ ዝርዝር ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው የሌለውን ነው።

1600ኤፍ የነበረው ከፊልሙ ፊት ለፊት የሚንቀሳቀስ ስስ የብረት መጋረጃ በቀላሉ የሚበላሽ ነበር። በ1957 የወጣው 500ሲ መዝጊያውን ከሣጥኑ አውጥቶ በእያንዳንዱ ሌንስ ሆድ ውስጥ አኖረው። ይህ ለውጥ በስቱዲዮ ለሚሠሩ ትልቅ ፀጋ ነበር፤ ፍላሽ እስከ 1/500 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ሁሉ ይሠራልና። ለእኛ ለሁለተኛ እጅ ገዢዎች ያለው ትርጉም ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ የሰዓት ሥራ በውስጡ አለው። የሰዓት ሥራ ደግሞ ሳይነካ ሲቀመጥ ቅባቱ ይደርቃል። ሦስት ሌንስ የገዛ ሰው ሦስት የሚያረጁ ሰዓቶች ገዝቷል፤ የሦስቱንም የጥገና ዕዳ ወርሷል። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት መዝጊያውን 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱና አዳምጡ። ድምፁ ከተንጠባጠበ፣ መሐል ላይ ከቆመ፣ ወይም ሁለት ሰከንድ ከወሰደ ያን ሌንስ ተዉት። ቀጥሎ በእጅ ባትሪ ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። በእርጥብ ቤት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ሌንስ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያመልጥም።

ሃሰልብላድ ለጨረቃ የበቃበት ታሪክ በብዙዎቻችሁ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ወደ ሌንስ ምርጫ ሲመጣ የሚያስገርመው ግን ነገሩ ሁሉ መቀነሱ ነው። ዓለም ሁሉ ስለ ሌንሶች ቤተሰብ በሚያወራበት በሐምሌ 1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በጨረቃ ገጽ ላይ የተጠቀሙበት ካሜራ አንድ ሌንስ፣ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ቢዮጎን ብቻ ነበረው። ፊልሙ 70 ሚሊ ሜትር ስለ ነበር በጥብቅ አነጋገር 120 አይደለም። ካሜራው ከልብሳቸው ደረት ላይ ይሰካል፤ መመልከቻ የለውም፤ ሰውነታቸውን ወደሚፈልጉት ነገር አዙረው ይተኩሳሉ። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ወደ ብራውኒው ባለቤት የተመለሱ ያህል ነው።

ጃፓኖች ይህን የቤተሰብ ሐሳብ በርካሽና በጽናት አስፋፉት። ማሚያ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሌንሶቹ በጥንድ የሚቀየሩ ባለ ሁለት ዐይን ካሜራ ሠራ፤ በ1970 ደግሞ አርቢ67 የተባለውን ግዙፍ የስቱዲዮ ካሜራ አወጣ። ፔንታክስ በ1969 የ6 በ7 ካሜራውን ይዞ መጣ። የማሚያው ጥንድ ሌንስ በመጠነኛ ዋጋ ስለሚገኝ ለጀማሪ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። አርቢ67ን ግን ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ መንደር ይዛችሁ ብትወጡ፣ ስትመለሱ ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ ትከሻችሁ ታወራላችሁ።

ወደ እኛ አገር የመጣው መንገድ በአብዛኛው ሌላ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከዋል። በዚያ ዘመን በኪየቭ የአርሴናል ፋብሪካ የሃሰልብላድን 1600ኤፍ የተከተለ ካሜራ ይሠራ ነበር፤ ከሌኒንግራድ ሉቢተል የተባለ ቀላልና ርካሽ ባለ ሁለት ዐይን ካሜራ ይወጣ ነበር፤ በድሬስደን ደግሞ በ1956 ፕራክቲሲክስ ተብሎ የተጀመረውና ከ1966 ጀምሮ ፔንታኮን ሲክስ የተባለው ይመረት ነበር። አጎቴ በድሬስደን ተምረው ሲመለሱ ከሻንጣቸው ውስጥ ፔንታኮን ሲክስ ወጣ፤ ከነባለ 80 ሚሊ ሜትር ቢዮሜታር ሌንሱ። በቤታችን ካሜራው ለልደትና ለሠርግ ብቻ የሚወጣ የክብር ዕቃ ነበር። ለዶክትሬት ጥናቴ መስክ ስወጣ አጎቴ ያለ ብዙ ንግግር አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ጥፋት የእኔ ብቻ ነው። አንድ ሌንስ ይዞ መሄድ የድኃ ሥራ መሰለኝ። ያጠራቀምሁትን ሁሉ አውጥቼ ከአንድ መንገደኛ ባለ 180 ሚሊ ሜትር ሶናር ገዛሁ። ትልቅ፣ ከባድ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ሌንስ ነበር። የዘር ሐረጉን የተማርሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ዛይስ በ1936 ለበርሊን ኦሎምፒክ ያዘጋጀውና «ኦሊምፒያ ሶናር» ተብሎ የታወቀው ባለ 180 ሚሊ ሜትር ሌንስ የእርሱ አያት ነው። ለኮንታክስ ካሜራ የተሠራ፣ ከስታዲየም መቀመጫ ላይ ሆኖ በሜዳ የሚሮጥ ሰው ለመያዝ የታሰበ ነበር። እኔ ይህን የስታዲየም ልጅ ይዤ በሰሜን ሸዋ አንድ ቁም ጸሐፊ ቤት ገባሁ።

መሪጌታው፣ ስማቸውን ዛሬ አልጠራም፣ ያኔ ሰማንያን አልፈዋል። ጠባብ ጎጆ፣ አንድ በር፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመቃ ብርዕ ይጽፋሉ። እኔ የምፈልገው ፊታቸውን፣ እጃቸውንና ብራናውን በአንድ ክፈፍ ነበር፤ የጥናቴ አንድ ምዕራፍ ስለዚያ እጅ አያያዝ ነውና። ሌንሱ ከ1.7 ሜትር በታች አይቀርብም። ወደ ኋላ ሄድሁ፣ ሄድሁ፣ ጀርባዬ ከግድግዳው ገጠመ። መሪጌታው ብርዓቸውን አንሥተው «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ትሸሸኛለህ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እርሳቸውም ሳቁ። መተኮሴንም ቀጠልሁ።

ዛሬ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ልሠራላችሁ እችላለሁ፤ ያኔ ግን አልሠራሁትም። ከ1.7 ሜትር ላይ በ180 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያዘው ስፋት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፊት ከያዘ እጅ ይቀራል፣ እጅ ከያዘ ፊት ይቀራል። በጨለማው ምክንያት የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ኤፍ 2.8 ከፍቼዋለሁ። በዚያ ሁኔታ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የብርሃን መለኪያ ስላልነበረኝ 1/15 ሰከንድ ብዬ ገመትሁ። ለእጅ የሚመከረው ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት ጋር የሚተካከል፣ ማለትም 1/180 ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ የፔንታኮን ሲክስ መስታወት ሲነሣ በሩን የወረወሩት ያህል ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ጥቅል፣ 24 ምስል አነሣሁ። በአዲስ አበባ ታጥቦ ሲወጣ ከቤት ውስጥ ከተነሣው አንድም የሚረባ አልነበረም። የቀሩት ሁለት፣ በሩ ላይ ሲሸኙኝ ያነሣኋቸው ናቸው፤ በእነርሱ ላይ መሪጌታው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ እጃቸው ከነጠላው ሥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ አርባቸው ወጥቶ ነበር። የእጅ አያያዛቸውን በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ በቃላት ገለጽሁት። ገምጋሚዎቹ አልተቃወሙም። ነገር ግን ብርዕን በሦስት ጣት እንዴት እንደሚያስደግፉ በቃላት ለመግለጽ ሞክሩ፤ ከዚያም ያ ገለጻ ለአንድ ወጣት ጸሐፊ ይጠቅመው እንደ ሆነ ጠይቁት።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የአጎቴ ባለ 80 ሚሊ ሜትር። ያው 1.7 ሜትር ላይ ቆሜ በእርሱ ባነሣ ኖሮ ከ1.1 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ይይዝልኝ ነበር፤ ፊት፣ እጅና ብራና አንድ ላይ። ወደ ኤፍ 5.6 ብዘጋው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አገኝ ነበር። መዝጊያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሊከፈት ይችል ነበር፤ ቁም ጸሐፊ በመስመር መጨረሻ ላይ ለአፍታ ስለሚያርፍ ያ ጊዜ ይበቃል። የጎደለኝ ካሜራውን የሚሸከም ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ሳይነካ የሚተኩስ የመልቀቂያ ገመድ ነበር። የሁለቱ ዋጋ ከሶናሩ ሩብ አይሞላም።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። በ6 በ6 ካሜራ የክፈፉ እውነተኛ ልክ 56 በ56 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሰያፉ 79 ይመጣል። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ «መደበኛ» የተባለው ለዚህ ነው። በ6 በ7 ካሜራ ተመሳሳዩ ከ90 እስከ 105 ነው። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከእርሱ ጋር ስለሆነ ርካሹም እርሱ ነው፤ ብርሃን ተቀባይም እርሱ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በእርሱ ብቻ ሥሩ። ሁለተኛ ሌንስ እንድትገዙ የምፈርመው ቢያንስ 20 ጥቅል ኔጌቲቭ አቅርባችሁ፣ በየትኞቹ ላይ ግድግዳ ከልክሏችሁ እንዳልሸሻችሁ፣ በየትኞቹስ ላይ ገደል ከልክሏችሁ እንዳልቀረባችሁ ካሳያችሁኝ ነው። ግድግዳ የበዛበት ሰው 50 ይግዛ፤ ገደል የበዛበት 150።

ከሥነ ጥበብ ክፍል የመጡ አንድ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን አስቀድመው ሰምተው ተቃውመውኛል። በ80 ሚሊ ሜትር ፊት ብቻ ለማንሣት ከተጠጋህ አፍንጫ ይገዝፋል፣ የቁም ሥዕል ሌንስ 150 ነው አሉ። ትክክል ናቸው፤ ምንም እንኳ አፍንጫውን የሚያገዝፈው መጠጋቱ እንጂ ሌንሱ ባይሆንም። ፊት ብቻ የሚፈልግ ሰው 150 ያስፈልገዋል። ረጅም ሌንስን በመርሕ የምጠላም አይደለሁም። አንሰል አዳምስ በ1960 በዮሰሚቲ ሸለቆ ጨረቃን ከሃፍ ዶም ቋጥኝ ጋር ያነሣው በሃሰልብላድና በ250 ሚሊ ሜትር ሶናር ነው፤ ሰማዩን ለማጥቆርም ብርቱካናማ ማጣሪያ አድርጓል። ወደዚያ ቋጥኝ በእግሩ ሊቀርብ አይችልም ነበር፤ ቢቀርብም ጨረቃዋ ታንስበታለች። የእኛ ዕቅድ ግን የሚመለከተው የሚሠሩ እጆችን ነው፤ እጅ ደግሞ ከሰውየውና ከሚሠራው ዕቃ ተነጥሎ ሲታይ ብዙ አይናገርም።

ስለ ቀሪዎቹ ዕቃዎች ባጭሩ። የብርሃን መለኪያ ከሁሉ ይቀድማል። ደጅ ላይ በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርጎ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማስተካከል ያዋጣል፤ ቤት ውስጥ ግን ዐይን ወዲያው ስለሚለምድ ጨለማን በትክክል መገመት አይችልም። አሮጌ የሴሌኒየም መለኪያ ከገዛችሁ ከሌላ ጋር አስተያዩት፤ ሴሉ በዕድሜ ይደክማል። በስልካችሁ ላይ የሚጫነው መተግበሪያም ከግምት ይሻላል። ቀጥሎ መቆሚያውና ገመዱ። ቀጥሎ የሌንስ ጥላ። ለጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ቢጫ ማጣሪያ ያዙ፤ የደጋውን ሰማይ ያጠቁራል፣ ብርሃኑን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ግን በስሌታችሁ ውስጥ አስገቡ። ማጣሪያ ከሌንስ ወደ ሌንስ ላይገጥም ይችላል። የእኔ ቢዮሜታር 58 ሚሊ ሜትር፣ ሶናሩ 86 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ሌንስ ስትገዙ ከኋላው የሚከተለውንም ቁጠሩ። ለብራና፣ ለጌጥና ለጥልፍ ዝርዝር ከሌንሱ ፊት የሚደረግ የማቅረቢያ ብርጭቆ ወይም ከኋላው የሚገባ የማራዘሚያ ቀለበት ይበቃል፤ ልዩ ሌንስ አትግዙ። ተጨማሪ የፊልም ቋትና ፕሪዝም መመልከቻ ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ። ፊልሙን በመኪና መስኮት ሥር አትተዉት፤ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰውም በአውሮፕላን ጣቢያ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።

በዚህ መሠረት የተማሪዎቹን በጀት መልሼ ሰጥቻቸዋለሁ። ሦስቱ ሌንሶች አንድ ሆነዋል፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለት መቆሚያ፣ ሁለት መለኪያና ከ40 ጥቅል በላይ ፊልም ይገዛል። አንዱ ቡድን የሚሄደው ወደዚያው ሰሜን ሸዋ ነው። የመሪጌታው ደቀ መዝሙር ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ብርዕ የሚይዙት እንደ መምህራቸው መሆኑን በስልክ ነግረውኛል፣ እኔ ግን ገና አላየሁም። በጥር አብሬ እሄዳለሁ። የአጎቴ ካሜራ አሁንም ይሠራል፤ ክፈፎቹ አንዳንዴ ይደራረባሉ እንጂ። ሶናሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንሣት የምትፈልጉ ኑና ክብደቱን ሞክሩት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።